የታሰረው አዳፕተር

«አንድ ሰው ነበረ፤ ጥላውን ዞር ብሎ ‹አንተን ደግሞ ማን ላከህ?› የሚል።»

መምህር ዘርጋው ነገራቸውን እንዲህ የጀመሩት አቶ ከልካይ ጠይቀው ገና አፋቸውን ሳይገጥሙ ነው። አቶ ከልካይ በልጅነታቸው የመምህሩ ተማሪ ነበሩ፤ ዛሬ የላይ ሰፈር እድር ሊቀመንበር ናቸው። የላይ ሰፈር እድር ድንኳን አለው፤ አግዳሚ ወንበርና ድስት ግን የለውም። የታች ሰፈር እድር አግዳሚም ድስትም ሞልቶታል፤ ድንኳኑን ግን አይጥ ጨርሶበታል። ስለዚህ በክረምት ሰው ሲሞት የላይ ሰፈር ለቀስተኛ ጣራ ሥር ቆሞ ይውላል፤ የታች ሰፈር ለቀስተኛ ደግሞ ተቀምጦ ይደበደባል፣ በዝናብ። ሁለቱ እድሮች ይዋሃዱ ተባለና አቶ ሽብሩ የሚባሉ ሰው አስታራቂ ሆነው ተመረጡ፤ የታች ሰፈር ተወላጅ፣ የላይ ሰፈር አማች።

የአቶ ከልካይ ጥያቄም ስለ እኚሁ ሰው ነበር።

«መምህር፣ ይኸ ሽብሩ እኛ ዘንድ ሲመጣ እንደኛ ያወራል። እነሱ ዘንድ ሲወርድ እንደነሱ ያወራል። እኛ ቤት ይበላል፣ እነሱ ቤት ይበላል። ባለፈው በዓይኔ በብረቱ አየሁት፤ ከታች ሰፈሩ ሊቀመንበር ከጓንጉል ጋር ቆሞ ጥርሱ እስኪታይ ሲስቅ። ሁለት አፍ ያለው ሰው እንዴት ይታመናል? ቅዳሜ በጉባኤው ላይ ላስነሳው ነው። ምን ይሉኛል?»

ይህን ሲሉ እጃቸው የደረት ኪሳቸውን መታ መታ ያደርግ ነበር። በኪሳቸው ያለው የድንኳኑ መጋዘን ቁልፍ ነው። መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ወለወሉና ስለዚያ ሰው መናገራቸውን ቀጠሉ።

ሰውዬው እንቁላል አስፈልፋይ ነበረ። ቁመቱ እንደ ቁም ሣጥን፣ ሆዱ እንደ ታቀፈች ዶሮ የሚሞቅ፣ ሦስት መቶ እንቁላል የሚይዝ መፈልፈያ ማሽን ነበረው። ውሉም የታወቀ ነው። የሰፈሩ ሴቶች እንቁላላቸውን ያመጡለታል፤ እሱ ሃያ አንድ ቀን ያሞቅላቸዋል፤ ጫጩቱ ሲወጣ ሁለቱ እጅ የሴቶቹ፣ ሲሶው የሱ ነው። መሬት የሌለው ገበሬ የሰው መሬት አርሶ እንደሚካፈለው መሆኑ ነው፤ ይኸኛው በበሬ ፋንታ ሶኬት አለው እንጂ።

ሴቶቹ እንቁላላቸው ላይ በከሰል ምልክት ያደርጋሉ። አንዷ መስቀል፣ አንዷ ሁለት ጭረት፣ አንዷ ክብ። ሰውዬው ታዲያ በምልክታቸው ላይ የራሱን ምልክት ይደርብበት ነበር። «ለምን?» ሲሉት «ምልክታችሁን ብትቀይሩትስ?» ይላል። እሱ ራሱ ቆልፎበት ከሚውለው ክፍል ማን ገብቶ እንደሚቀይረው አልተናገረም። ጠርጣራ ሰው ዝርዝር አይወድም።

ጥርጣሬውንም ከሜዳ ያመጣው አይደለም። በአባቱ ዘመን በሰፈሩ ስልክ የነበራቸው አባቱ ብቻ ነበሩ። መደወያው ላይ ጓጉንቸር አንጠልጥለው ቁልፉን ባንገታቸው አስረው ይኖሩ ነበር። ስልኩ ሲጮኽ እንኳ መጀመሪያ የሚሉት «ማን ከፈተው?» ነው ይባላል። ሲሞቱ መሬት አላወረሱትም፤ ጓጉንቸሩን አወረሱት።

በዚያች ከተማ መብራት እንደ ክቡር እንግዳ ነበረ። ሲመጣ ደስ ይላል፤ መቼ እንደሚሄድ ግን አይጠየቅም። መፈልፈያው ከቀዘቀዘ ደግሞ ጫጩቱ እዚያው ቅርፊቱ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ሰውዬው አንድ ፓወር ስቴሽን ገዛ፤ እጀታ ያለው፣ ሶኬት ደረቱ ላይ የተደረደረ፣ መብራት ሲኖር የሚጠግብ፣ መብራት ሲሄድ የሚያበላ ሳጥን። ባጭሩ «ፓወሩ» ይለው ነበር። ፓወሩ መፈልፈያውን አራት ሰዓት ይይዛል። መብራቱ ግን ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት መቅረት ለመደ። ባንደኛው ዙር ሰባ እንቁላል ቀዘቀዘ። ሴቶቹም ተሰብስበው መጡና ከመካከላቸው ሸምገል ያሉት እንዲህ አሉት፦

«አንድ ጊዜ የእግዜር ነው፤ እንችለዋለን። ሁለተኛ ጊዜ ግን ያንተ ነው። ከእንግዲህ የሚቀረው ካንተ ሲሶ ይቀራል።»

ሰውዬው በዚህ ተስማማ፤ ባይስማማ መፈልፈያው ልብስ ማስቀመጫ ሊሆን ነው። ግን የሴቶቹ ነገር አልተዋጠለትም። ምናልባት መብራቱን የሚያጠፉት እነሱ ይሆኑ? ሚስቱን ጠየቃት።

«ሰላሳ ሴት ተሰብስቦ ግድብ ያጠፋል?» አለች ሚስቱ። «ይልቅ ለፓወሩ ተጨማሪ ባትሪ ግዛለት።»

በገበያው ዳር በቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ሬዲዮም፣ ስልክም፣ ሶላርም የምትጠግን አንዲት ባለሙያ ነበረች። ፓወሩን ተሸክሞ ወደሷ ሄደ። እሷም ከፓወሩ እጥፍ የሚበልጥ ባትሪ አወጣችለት። ችግሩ ፓወሩን የሠራው አንድ ፋብሪካ፣ ባትሪውን የሠራው ሌላ ፋብሪካ መሆኑ ነው። የፓወሩ ቀዳዳ ክብ ነው፤ የባትሪው ጠፍጣፋ።

«አዳፕተር ያስፈልጋል» አለችው።

«ምንድነው እሱ?»

«አስታራቂ ይበሉት ጋሼ። በዚህ ጫፉ ፓወሩን ያውቃል፤ በዚያ ጫፉ ባትሪውን ያውቃል።»

«ሁለቱንም?»

«ሁለቱንም።»

የሰውዬው ዓይን ጠበበ። ሁለት ጎረቤት የሚያውቅ ሰው እንኳ ስንት ጉድ ይሠራል፤ ይኸማ ገመድ ነው።

ባለሙያዋ ከመሳቢያዋ አንዱን አዳፕተር አንስታ ሰካችው። ገባ።

«ገባ እኮ» አለ ሰውዬው።

«መግባቱንማ ይገባል፤ አይሆንም እንጂ። ጀርባቸው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ይዩት። ይኸ አዳፕተር የባትሪውን ጉልበት አይችለውም። ዛሬ ይሠራልዎታል፣ ነገ ቤትዎን ያቃጥላል። የሚሰካ ሁሉ የሚስማማ እንዳይመስልዎት።»

ሁለተኛውን አነሳች፤ በቴስተሯ ለካችውና መለሰችው። ሦስተኛውን አነሳች፤ ጀርባውን አነበበች፣ ለካች፣ ሰካች፣ አንድ ትልቅ አምፖል አብርታበት ጠበቀች፣ እንደገና ለካች። እህል ውሃ የሚያሰኝ ያህል ጊዜ ፈጀባት። ከዚያ «ይኸ ነው» አለች። «እኔ መርምሬዋለሁ፤ ከፈለጉ እርስዎም ይመርምሩት። አንዴ ከሰኩት በኋላ ግን አይነካኩት። ሥራ ላይ እያለ አይንቀሉት።»

«ለምንድነው እንዳልነካው የፈለግሽ?»

«እንዳያቋርጡት ነዋ ጋሼ!»

ሰውዬው እንዳያይባት መሆኑን ወዲያው ተረዳ። ግን ዝም አለ። ብልህ ሰው ነበረ።

የአዲሱ ዙር እንቁላሎች አሥራ ስምንተኛ ቀናቸውን ሲይዙ መብራት ሄደ። ፓወሩ ከባትሪው፣ ባትሪው ከፓወሩ በአዳፕተሩ ተያይዘው መፈልፈያውን ቀኑን ሙሉ አሞቁት። ሚስቱ ደስ ብሏት ስታንጎራጉር ዋለች። ሰውዬው ግን በርጩማ አምጥቶ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ።

መጀመሪያ የባትሪው ቁጥር መቶ ነበረ። ቆይቶ ዘጠና ሆነ። ቆይቶ ሰባ።

«አንቺ፣ ወዴት ሄደ?»

«እንቁላሉን አሞቀበት ነዋ።»

«ሰላሳውንም?»

እጁን ሰደድ አድርጎ አዳፕተሩን ነካው። ለብ ብሏል። እጁን እንደተነደፈ ሰው ሰበሰበ።

«ነይ ንኪው! ይሞቃል!»

«ሥራ ላይ ነዋ!»

«ሥራ ላይ ያለ ያልበዋል። እጁ የሚሞቀው የሚሰርቅ ነው።»

ይህን ብሂል ከየት እንዳገኘው አይታወቅም። ከዚያ በፊት የተናገረው ሰው የለም፤ ከዚያ በኋላም አልተገኘም።

ጎንበስ ብሎ ሲያስተውል ደግሞ በአዳፕተሩ ሆድ ላይ አንዲት አረንጓዴ መብራት ብልጭ እልም ትላለች። ብልጭታዋ ወደ ባትሪው በኩል ነው። ሰውዬው ይህን ሲያይ የቀረው ጥርጣሬ ሁሉ እውቀት ሆነለት። ይጣቀሳል! በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ዓይኑ ፊት!

መብራት ሲመለስ የእንቁላል ሚዛኑን አመጣና አዳፕተሩን መዘነው። በማግስቱ መብራት ሄዶ እስኪመለስ ጠብቆ ደግሞ መዘነው። አንድ ግራም አልጨመረም።

«እንግዲህ አልሰረቀም» አለች ሚስቱ።

«እንግዲህ ለሌላ አቀብሏል» አለ ሰውዬው።

ሃያኛው ቀን ደረሰ። በማለዳው እንቁላሎቹ ውስጥ ኩክ ኩክ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ጫጩቶቹ ቅርፊቱን ከውስጥ መምታት ጀምረዋል። ሚስቱ ጆሮዋን በመፈልፈያው በር ላይ አድርጋ እየሰማች ሳለ ሰውዬው አዳፕተሩን ነቀለ። በአንድ የእንጨት ሣጥን ውስጥ አስገባው፣ ክዳኑን ገጠመ፣ የአባቱን ጓጉንቸር አንጠለጠለበት፣ ቁልፉን በክር አድርጎ ባንገቱ አጠለቀ።

«ምን አደረገህ አሁን?» አለች ሚስቱ።

«ማጣራት እስኪያልቅ ይታሰር።»

ታማኝ ገመድ ፍለጋ ደግሞ ፓወሩ የመጣበትን ካርቶን ፈታ። ከሥሩ ፓወሩ ቻርጅ የሚደረግበት ትርፍ ገመድ ወጣ። አንዱ ጫፍ የግድግዳ ሶኬት ውስጥ ይገባል፤ ሌላው ጫፍ የፓወሩ ጀርባ ላይ። ሰውዬው አገላብጦ አየው። የግድግዳ ሶኬት የሚመስል ሶኬት ፓወሩም ደረቱ ላይ አለው። ስለዚህ የገመዱ አንዱ አፍ የፓወሩ ደረት ነው፤ ሌላው አፍ የፓወሩ ጀርባ ነው። ባዕድ የሚባል አፍ የለውም። ካንድ ካርቶን የወጡ፣ ያንድ እናት ልጆች!

አንዱን ጫፍ ፓወሩ ደረት ላይ፣ ሌላውን ፓወሩ ጀርባ ላይ ሰካው። በፓወሩ መስታወት ላይ ሁለት ቁጥር ብቅ አለ፤ የሚወጣው በቀኝ፣ የሚገባው በግራ።

«አየሽ!» አለ ደረቱን ነፍቶ። «ይወጣል፣ ይገባል። የወጣው ሁሉ ለራሳችን ይመለሳል። በመሀል የሚያቀብል የለ፣ የሚቀበል የለ።»

«ባትሪውስ?»

«አጠገቡ ይቀመጥ። መጀመሪያ ይተዋወቁ።»

ሚስቱ ገመዱን በዓይኗ ተከተለችው፤ ከፓወሩ ወጥቶ ዞሮ ፓወሩ ውስጥ ገባ። ትምህርት ቤት አልገባችም።

«ላም የራሷን ጡት ጠብታ ስትወፍር አላየሁም» አለች።

«ይኸን እሷ ናት ያስጠናችሽ፤ ያቺ ባለ ቆርቆሮ» አለና ከሚስቱ ፊቱን አዞረ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሚስቱም በማጣራት ላይ ካሉት ተቆጠረች።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ዝናብ ጣለ፤ ከዝናቡም ጋር መብራት ሄደ። ሰውዬው በርጩማው ላይ ሆኖ ቁጥሩን ይጠብቅ ጀመር። ዘጠና አምስት። ሰማንያ። ስድሳ። ጨዋ በነበረበት ዘመን ፓወሩ አራት ሰዓት ይቆይ ነበር፤ አሁን ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሰላሳ ላይ ደረሰ። የወጣው ሁሉ እየተመለሰ እንዴት ያልቃል? ሰውዬው አሰበ፤ አስቦም ደረሰበት።

«ከሩቅ እየሳበ ነው!»

ተነስቶ ጆሮውን ሣጥኑ ላይ ለጠፈ። ሣጥኑ ዝም አለ። ዝምታው ራሱ አስጠረጠረው። ሣጥኑን እየጎተተ ማድቤት አስገባው፤ ተመልሶ ሲያይ ቁጥሩ ሃያ ሆኗል። ሄዶ ሣጥኑ ላይ ወፍጮ ጫነበት፤ ተመልሶ ሲያይ አሥር። ከዚያ ፓወሩ አንድ ጊዜ ጮኸና ጨለመ። በመፈልፈያው ውስጥ የነበረው ማራገቢያ ቆመ። ቤቱ ጸጥ ሲል ኩክ ኩክ የሚለው ድምፅ ከበፊቱ ይበልጥ ተሰማ፤ ሦስት መቶ ቦታ።

«ቁልፉን አምጣ» አለች ሚስቱ።

«ምን ሊሆን?»

«አዳፕተሩን ልሰካበት። ባትሪው ሙሉ ነው። ሰውዬ፣ የሰው እንቁላል ነው! የሰላሳ ሴት ዓይን ነው እዚህ ውስጥ ያለው! አምጣ!»

«ይኸውልሽ፣ እሱ የፈለገው ይኸንኑ ነው። እንድንለምነው! ቆይ፣ የላከችውን ሄጄ አስይዛታለሁ» አለና ጃንጥላውን አንስቶ በዝናቡ ወጣ። ቁልፉም አንገቱ ላይ እንዳለ አብሮት ወጣ።

ቆርቆሮ ሱቁ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። እንደደረሰ ጃንጥላውን ሳያጥፍ ጮኸባት።

«አስጨረስሽኝ! ያ የሰጠሽኝ ነገር ከሩቅ ስቦ ጨረሰብኝ!»

ባለሙያዋ መበየጃዋን አስቀመጠች። «ይረጋጉ ጋሼ። አዳፕተሩ የት ነው?»

«ታስሯል።»

«ምን?»

«ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። እንደሱማ ሆኖ ነው የሚስበው!»

«እሱ ከተቆለፈበት ታዲያ ፓወሩን በምን አያያዙት?»

«በራሱ ገመድ።»

«ከየት ወደ የት?»

«ከራሱ ወደ ራሱ።»

ባለሙያዋ ዓይኗን አንገቱ ላይ ወዳለው ክር አነሳች።

«ጋሼ፣ አንገትዎ ላይ ያለው ምንድነው?»

«ቁልፍ።»

«የሣጥኑ?»

«አዎን፣ የሣጥኑ።»

«ባትሪውስ?»

«ሙሉ ነው! ጠብታ አልነካነውም» አለ ሰውዬው። ይህን በኩራት ነው ያለው።

ባለሙያዋ ሱቋን ሳትዘጋ ክንዱን ይዛ «ይሩጡ!» አለችው። እሱም ሮጠ፤ ወደ ፊት እየሮጠ አንዳንዴ ወደ ኋላ ያያታል፣ ለምን እንደምታስሮጠው ለማወቅ።

ሚስቱ በዚያን ጊዜ በቤት ውስጥ ያለውን ጋቢና ብርድ ልብስ ሁሉ መፈልፈያው ላይ ከምራ ነበር። ጆሮዋን ብትለጥፍ ድምፁ ቀንሷል፤ በየቦታው የነበረው ኩክታ እዚህም እዚያም አንድ አንድ ሆኗል። ባል ወደ ልቡ እስኪመለስ የሚጠበቀውን ያህል ጠበቀች። አልተመለሰም። ወደ ማድቤት ገብታ ወፍጮውን ከሣጥኑ ላይ ገፋችው፤ ዘነዘናውንም በሁለት እጇ አነሳች።

ያ ጓጉንቸር የስልክ ዘመንን አሳልፏል። የሁለት ትውልድ ጥርጣሬ ተሸክሟል። በአንድ ምት ወደቀ።

ክቡን በክቡ፣ ጠፍጣፋውን በጠፍጣፋው ሰካች። ያን ከራሱ ወደ ራሱ የሚዞረውን ገመድ ነቅላ በመስኮት ወረወረችው። አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ አለች። ሚስቱ ለምን እንደምትጣቀስ አልጠየቀቻትም፤ ሙቀቱ እንዳይወጣ በሩን ልትዘጋ ሄደች። ማራገቢያው ተነሳ።

ሰውዬውና ባለሙያዋ በስብሰው ሲገቡ መፈልፈያው እያጉረመረመ ነበር። ባለሙያዋ አዳፕተሩን በጣቷ ነካችና «ለብ ብሏል፤ ደህና ነው» አለች። ሰውዬው ግን ያየው ወለሉ ላይ የተበተነውን ጓጉንቸር ነው።

«ማን ከፈተው?» አለ። አባቱን የሚያውቅ ሰው ቢሰማው ኖሮ ስልክ የጮኸ ይመስለው ነበር።

በማግስቱ ከሦስት መቶው እንቁላል ሁለት መቶ ሦስቱ ጫጩት ሆነው ወጡ። የቀሩት በቀሩበት ቀሩ። ሴቶቹ ቅርጫታቸውን ይዘው መጡ፤ እንደ ውላቸው ሁለት መቶውን ተካፈሉ።

«ሲሶዬስ?» አለ ሰውዬው።

«ሲሶህማ እዚያ ቅርፊት ውስጥ ነው» አሉ ሸምገል ያሉት ሴትዮ። «ሁለተኛው ያንተ ነው ብለን አልነበረም? ነው ወይስ የዛሬውንም እግዜር ነው የቆለፈው?» እጃቸውንም ወደ አንገቱ አመለከቱ። ቁልፉ አሁንም አንገቱ ላይ ነበር፤ የሚከፍተው ግን አልነበረውም።

ሦስት ጫጩቶች ተረፉት። በርጩማውን አምጥቶ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ። እስኪመሽም ድረስ አያቸው። ከሦስቱ አንዷ ሁኔታዋ አላማረውም።

መምህር ዘርጋው እዚህ ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና ወደ አቶ ከልካይ ዞሩ።

«እንግዲህ ልጄ፣ ፓወሩ እናንተ ናችሁ፤ ድንኳን ያላችሁ። ባትሪው እነሱ ናቸው፤ አግዳሚና ድስት ያላቸው። እንቁላሉ ማን እንደሆነ አልነግርህም፤ በዚህ ክረምት ሰው የሚሞትበት ቤት ሁሉ ያውቀዋል። አዳፕተሩም ሽብሩ ነው። ሁለት አፍ አለው ትለኛለህ፤ ባይኖረው ምን ያደርግላችኋል? እንደናንተ ብቻ የሚያወራ፣ እናንተ ዘንድ ብቻ የሚበላ አስታራቂ ካማረህ፣ እሱ ከራሳችሁ ወጥቶ ወደ ራሳችሁ የሚገባው ገመድ ነው። ቁጥሩ ደስ ይላል፤ ሙቀት ግን የለውም። መጠርጠርህን አልነቅፍም። ያቺ ባለሙያ ሁለቱን ጥላ ሦስተኛውን ያነሳችው ጠርጥራ ነው። የሷ ጥርጣሬ ግን ከመሰካቱ በፊት ነበረ። ሳትመረምር አትሰካ፤ መርምረህ ከሰካህ በኋላ ደግሞ አትንቀል። ሽብሩን ስትመርጡት መርምራችሁታል?»

«ሁለት ወር ሙሉ» አሉ አቶ ከልካይ።

«ታዲያ?»

የአቶ ከልካይ ዓይን ጠበበ።

«መምህር… ይኸን ተረት ሽብሩ ነው የነገረዎት?»

«ሽብሩ እዚህ ደጅ ደርሶ አያውቅም። ትናንት የመጣው ጓንጉል ነው። አንተ በተቀመጥክበት ወንበር ተቀምጦ ‹ሽብሩ ወደ ላይ ሰፈር ያደላል፣ ከከልካይ ጋር ሲስቅ አየሁት፣ ላስነሳው ነው› አለኝ።»

«ምን አሉት?»

«አንድ ሰው ነበረ አልኩት።»

አቶ ከልካይ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ለሱም? ይኸንኑ? እንግዲያው እርስዎም ሁለት አፍ አለዎት!»

«ባይኖረኝ ኖሮ ሁለታችሁም ወደኔ ባልመጣችሁ» አሉ መምህሩ። «አሁን ደጁን እየው፤ ዳመናው ከብዷል። የድንኳኑ መጋዘን ቁልፍ ማን ዘንድ ነው?»

የአቶ ከልካይ እጅ ከአፋቸው ቀድሞ የደረት ኪሳቸው ላይ ደረሰ። እጃቸውን እዚያው እንዳደረጉ ቆሙ።

«ግን እኮ መምህር» አሉ ቀስ ብለው፣ «ሽብሩ ሰሞኑን ፊቱ ሁሉ ተለዋውጧል። ላይ ታች ይላል፣ ያልበዋል፣ ሲናገር ይግላል…»

«ይሙቅ፣ ልጄ» አሉ መምህር ዘርጋው። «ሥራ ላይ ነዋ!»